ኮቴትሱ፦ የመጀመሪያይቱ የጃፓን ብረት ለበስ የጦር መርከብ

በ1888 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር የጃፓን ባሕር ኀይል «አዙማ» የተባለችውን መርከብ ከመዝገቡ ሰረዛት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መርከቢቱ ውሃ ላይ ከወረደች ገና ሃያ አራተኛ ዓመቷን አልደፈነችም ነበር፤ ይሁንና መድፎቿ ዘመን ያለፈባቸው፣ ከብረት ልባሷ በታች ያለው የእንጨት አካሏም የደከመ ስለ ነበረ እንድትታደስ የጠየቀ አልተገኘም። በተከታዩ ዓመት ፈርሳ ለብረቷ ዋጋ ተሸጠች።

በዚህ አጭር ዕድሜዋ ስድስት ስም ወጥቶላታል። በፈረንሳይ አገር ስትሠራ «ስፊንክስ» ተባለች፤ ለዴንማርክ ስትሸጥ «ስታርኮደር»፣ ከኮፐንሃገን ስትወጣ «ኦሊንድ»፣ የአሜሪካን የደቡብ ግዛቶች ሰንደቅ ዓላማ ስትሰቅል «ስቶንዎል» ሆነች። በጃፓን እጅ ከገባች በኋላ መጀመሪያ «ኮቴትሱ»፣ ማለትም ብረት ለበስ፣ ኋላም በ1871 ዓ.ም. «አዙማ»፣ ማለትም ምሥራቅ ተብላ ተጠራች። የባሕር ኀይል ታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚህች መርከብ ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በቀንዷና በመድፏ ላይ ነው። ነገር ግን በውጊያ ላይ የዋለችበት ዘመን በ1869 ዓ.ም. ከነበሩት ሁለት ወራት እምብዛም አያልፍም። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኳ በአመዛኙ የውል፣ የሽያጭ፣ የሰንደቅ ዓላማና የገለልተኛነት ጥያቄ ታሪክ ነው። መድፏ ካደረሰው ጉዳት ይልቅ «የማን ናት?» የሚለው ጥያቄ ያስከተለው ውጤት ይበልጣል።

የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በ1861 ዓ.ም. በተነሣ ጊዜ የደቡብ ግዛቶች ኮንፌዴሬሽን ብርቱ ባሕር ኀይል አልነበረውም። የሰሜኑ መንግሥት የደቡብን ወደቦች በመርከቦቹ ዘግቶ ጥጥ እንዳይወጣ፣ መሣሪያም እንዳይገባ ከለከለ። ይህን ከበባ ለመስበር ኮንፌዴሬሽኑ ጄምስ ቡሎክ የተባለውን መኮንን ወደ አውሮፓ ልኮ ብረት ለበስ መርከቦች እንዲያሠራ አዘዘው። በእንግሊዝ አገር የሚያሠራቸውን መርከቦች የእንግሊዝ መንግሥት ይይዝብኛል ብሎ ስለ ሠጋ በ1863 ዓ.ም. ፊቱን ወደ ፈረንሳይ መለሰ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ከቦርዶው የመርከብ መሥሪያ ባለቤት ከሉሲየን አርማን ጋር የሁለት መርከቦች ውል ተዋዋለ። ገዢው ማን እንደ ሆነ እንዳይታወቅ መርከቦቹ ለግብፅ መንግሥት የሚሠሩ ናቸው ተብሎ ተወራ፤ «ኬዮፕስ» እና «ስፊንክስ» የተባሉትም ስለዚህ ነው። ምስጢሩ ግን ብዙ አልቆየም። በሥራው ከተካፈሉት ድርጅቶች በአንደኛው ይሠራ የነበረ ጸሐፊ ሰነዶቹን ወስዶ ፓሪስ ለሚገኘው የአሜሪካ ሌጋሲዮን አሳልፎ ሰጠ። ዳግማዊው የናፖሌዎን መንግሥት፣ ይኸውም ናፖሌዎን ሦስተኛ፣ ነገሩ በይፋ ከወጣ በኋላ ዝም ብሎ ማለፍ ስላልተቻለው ሽያጩ እንዲሰረዝ አዘዘ።

የመርከቢቱ አሠራር ለዘመኑ እጅግ አዲስ ነበር ለማለት ባይቻልም ለታሰበላት ሥራ በሚገባ የተመቸ ነበር። ርዝመቷ 57 ሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቷ ከ1,300 ቶን በላይ ነበር። አካሏ እንጨትና ብረት ተዋሕደው የተሠራ፣ በላዩም የብረት ልባስ የተጠረበበት ነው፤ የልባሱ ውፍረት በወገቧ በውሃው ልክ ላይ 12 ሳንቲሜትር ያህል ነበር፤ ወደ ጫፎቿ እየሳሳ ወደ 9 ሳንቲሜትር ይወርድ ነበር። ሁለት የእንፋሎት ሞተሮች ሁለት ፕሮፔለሮችን ለየብቻ ያዞሩ ስለ ነበረ አንዱን ወደፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ በማስኬድ ጠባብ በሆነ የወንዝ አፍ ውስጥ እንኳ በቀላሉ ልትዞር ትችል ነበር። ፍጥነቷ ከ10 ኖት በጥቂቱ ይበልጣል። ነፋስ በተገኘ ጊዜም ሸራ ትዘረጋ ነበር።

ግንባሯ ላይ ከውሃው በታች ወደፊት የተቀሰረ ረጅም የመውጊያ ቀንድ ነበራት፤ ከቀንዱም በላይ በብረት በተጠረበ ክፍል ውስጥ 300 ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የሚተኩስ የአርምስትሮንግ መድፍ ተቀምጦ ነበር። በስተኋላዋ ደግሞ በማይንቀሳቀስ ግንብ ውስጥ ሁለት ባለ 70 ፓውንድ መድፎች ነበሩ። የዚህ አሠራር ጉድለት ወዲያው የሚታይ ነው። ይህ ሁሉ ብረት በግንባሯ ላይ ስለ ተከማቸ ማዕበል በተነሣ ቁጥር አፍንጫዋን ወደ ውሃው ትቀብር ነበር፤ ወለሏም ዝቅተኛ ስለ ሆነ ባሕሩ እንዳሻው ይመላለስባት ነበር። ለወንዝ አፍና ለባሕር ዳር የተሠራች መርከብ ነበረች፤ ዕድሏ ግን ሁለት ውቅያኖስ አሻገራት።

በ1864 ዓ.ም. ዴንማርክ ከፕሩሲያና ከአውስትርያ ጋር ጦርነት ላይ ስለ ነበረች አርማን መርከቢቱን ለዴንማርክ ሸጠ። እኅቷ ኬዮፕስ በአንጻሩ ለጠላቲቱ ለፕሩሲያ ተሸጠች። ነጋዴው ሁለቱን መርከቦች ለሁለቱ ተፋላሚዎች ማካፈሉ ንግድ ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ ያሳያል። ስታርኮደር ኮፐንሃገን የደረሰችው በኖቬምበር ወር፣ የሰላሙ ውል ከተፈረመ በኋላ ነበር። ጦርነቱ ያለፈላቸው ዴንማርኮች በዋጋና በአሠራር ጉዳይ ተከራክረው ሳይቀበሏት ቀሩ። በዚህ መካከል የኮንፌዴሬሽኑ ወኪሎች ከአርማን ጋር በስውር ተስማሙና በጃንዋሪ 1865 ዓ.ም. ካፒቴን ቶማስ ጄፈርሰን ፔጅ መርከቢቱን ይዞ ወጣ። በፈረንሳይ ጠረፍ አጠገብ ከሌላ መርከብ ሰዎችና ስንቅ ተቀብሎ፣ «ስቶንዎል» ብሎ ሰይሞ ጉዞ ቢጀምርም ብርቱ ማዕበል አገኛቸው፤ ውሃ ስለ ገባባትም ለጥገና ወደ እስፓኝ ወደብ ወደ ፌሮል ገባች።

በፌሮል የሆነው ነገር የዚህችን መርከብ ጠባይ አስቀድሞ ያመለከተ ነው። «ኒያጋራ» እና «ሳክራሜንቶ» የተባሉ ሁለት የሰሜን አሜሪካ የእንጨት መርከቦች በአጠገቧ በምትገኘው በኮሩኛ ወደብ ሆነው ይጠብቋት ነበር። በማርች 24 ቀን ስቶንዎል ወደ ውጭ ወጥታ እየተመላለሰች ጠበቀቻቸው፤ የሰሜኑ አዛዥ ካፒቴን ቶማስ ክሬቨን ግን የእንጨት መርከቦቹ በብረት ለበሷ ፊት እንደማይቆሙ አስቦ ሳይወጣ ቀረ። አንድ ጥይት እንኳ ሳይተኮስ ስቶንዎል መንገዷን ቀጠለች። ክሬቨን በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ሆነ፤ የተፈረደበት ግን የፈቃድ ደመወዝ እየተከፈለው ለሁለት ዓመት ከሥራ እንዲታገድ ብቻ ስለ ሆነ የባሕር ኀይል ሚኒስትሩ ጌዲዮን ዌልስ ይህ ቅጣት ሳይሆን የዕረፍት ጊዜ ነው በማለት ፍርዱን ሻረው። አዛዡ ፈሪ ነበር ወይስ አስተዋይ? በዘመኑ ብዙ ተጽፎበታል። የመርከቢቱን ቀንድና ውፍረት፣ የእንጨት መርከቦቹንም አሠራር አነጻጽሮ ለሚመለከት ሰው ፍርዱ ለክሬቨን ሳያደላ አይቀርም።

ፔጅ በሊዝበን በኩል አትላንቲክን አቋርጦ በሜይ ወር ሃቫና ሲደርስ የደቡቡ ሠራዊት እጁን ሰጥቶ፣ መንግሥቱም ፈርሶ አገኘ። የመርከበኞቹን ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ ስላልነበረው መርከቢቱን በ16,000 ዶላር ለኩባ የእስፓኝ አገረ ገዢ አስረከበ። እስፓኝ ያንኑ ገንዘብ ተቀብላ ለዩናይትድ ስቴትስ አሳልፋ ሰጠቻት፤ መርከቢቱም በዋሺንግተን የባሕር ኀይል ግቢ ሥራ ፈትታ ቆመች።

በዚሁ ዘመን ጃፓን የምዕራባውያን መርከቦች ከ1853 ዓ.ም. ጀምሮ በሯን ስላንኳኩ የባሕር ኀይል ለማቋቋም ትጣደፍ ነበር። አገሪቱን በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ ሾገን መንግሥት በ1855 ዓ.ም. በናጋሳኪ የባሕር ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ ወጣቶችንም ወደ ሆላንድ ልኮ ነበር። በ1867 ዓ.ም. በኦኖ ቶሞጎሮ የሚመራ መልእክተኛ ቡድን መርከብ ሊገዛ ወደ አሜሪካ ሄደ። ኋላ ታላቅ አስተማሪና ጸሐፊ የሆነው ፉኩዛዋ ዩኪቺም ከተጓዦቹ አንዱ ነበረ። ቡድኑ ስቶንዎልን በዋሺንግተን አይቶ በ400,000 ዶላር ዋጋ ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 300,000 ዶላር በቅድሚያ ሲከፈል፣ ቀሪው 100,000 መርከቢቱ ጃፓን ስትደርስ የሚከፈል ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት በ16,000 ዶላር የተሸጠች መርከብ ዋጋዋ ሃያ አምስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ገዢው የቸኮለ ሲሆን ሻጩ አይቸኩልም።

መርከቢቱ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞራ፣ ሰላማዊ ውቅያኖስን አቋርጣ በአፕሪል 1868 ዓ.ም. ጃፓን ስትደርስ የከፈላት መንግሥት በሥልጣን ላይ አልነበረም። በጃንዋሪ ወር የሳትሱማና የቾሹ ሠራዊት በወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ስም ተነሥቶ የሾገኑን ጦር ድል አድርጎ ነበር። ሾገኑ ከሥልጣን ቢወርድም ደጋፊዎቹ ገና አልተበተኑም። የውጭ መንግሥታት ገለልተኞች ነን ብለው ስለ ዐወጁ የአሜሪካው ሚኒስትር ቫን ቫልከንበርግ መርከቢቱን ለማንም አላስረክብም አለ። የሾገኑ ወገን «ገንዘቡን የከፈልሁ እኔ ነኝ» ሲል፣ አዲሱ መንግሥት ደግሞ «የጃፓን መንግሥት አሁን እኔ ነኝ» ይል ነበር። ክርክሩ ሳይፈታ መርከቢቱ የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ እንደ ሰቀለች በዮኮሃማ ወደብ ወራት አስቆጠረች።

በመርከቢቱ መታሰር የተጎዳው ማን እንደ ሆነ ለመረዳት ኤኖሞቶ ታኬአኪን ማወቅ ያስፈልጋል። ኤኖሞቶ በሆላንድ የባሕር ጥበብና የባሕር ሕግ ተምሮ፣ በዚያው አገር የተሠራችውን «ካይዮ ማሩ» የተባለች ታላቅ የጦር መርከብ ይዞ በ1867 ዓ.ም. የተመለሰ የሾገኑ ባሕር ኀይል ሹም ነበር። በኦክቶበር 1868 ዓ.ም. ስምንት መርከቦችን ይዞ ከኤዶ ባሕረ ሰላጤ በሌሊት ወጣና ወደ ሰሜን፣ ዛሬ ሆካይዶ ወደምትባለው ወደ ኤዞ ደሴት ሄደ። ሃኮዳቴን ይዞ የራሱን መንግሥት አቋቋመ፤ ከሾገኑ ጋር ውል የነበራቸው ጥቂት የፈረንሳይ መኮንኖችም አብረውት ነበሩ። ካይዮ ማሩ በእጁ እስካለች ድረስ በባሕር ላይ የሚቋቋመው አልነበረም። ይሁን እንጂ በዓመቱ መጨረሻ ይህች መርከብ ከኤሳሺ ወደብ ፊት ለፊት በማዕበል ተመትታ ሰጠመች። ከዚያም ጥቂት ሳይቆይ፣ በ1869 ዓ.ም. መጀመሪያ ገለልተኛነቱ ተነሣ፤ ስቶንዎልም ለሜይጂ መንግሥት ተሰጠች፤ «ኮቴትሱ»ም ተባለች። አንዱ ወገን ታላቅ መርከቡን ባጣበት ወራት ሌላው ብረት ለበስ አገኘ።

ኤኖሞቶ ኮቴትሱን በመድፍ ሊያሰጥማት እንደማይችል ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሊማርካት ቆረጠ። የመንግሥቱ መርከቦች ወደ ሰሜን ሲጓዙ በሆንሹ ደሴት ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ በምትገኘው በሚያኮ ባሕረ ሰላጤ እንደሚያርፉ ተሰምቶ ነበር። ዕቅዱም የሚከተለው ነው፦ «ባንሪዩ» እና «ታካኦ» የተባሉ ሁለት ትንንሽ መርከቦች ከኮቴትሱ ግራና ቀኝ ተጠግተው ወታደር ያስገቡባታል፤ ትልቋ «ካይተን» ደግሞ ሌሎቹን መርከቦች በመድፍ ትከላከላለች። እስኪጠጉም ድረስ የባዕድ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቅላሉ፤ በዘመኑ የባሕር ልማድ ተኩስ ከመጀመሩ በፊት የራስ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ ይህ እንደ ተፈቀደ ብልሃት ይቆጠር ነበር።

ባሕሩ ግን ዕቅዱን አፈረሰው። በመንገድ ላይ ማዕበል ተነሥቶ ሦስቱን መርከቦች በታተናቸው፤ ባንሪዩ ጠፋች፣ የታካኦ ሞተር ተበላሸ። በሜይ 6 ቀን 1869 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ ካይተን የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ እንደ ሰቀለች ብቻዋን ወደ ሚያኮ ገባች። የመንግሥቱ መርከቦች መልሕቃቸውን ጥለው፣ አብዛኞቹም እሳታቸውን አጥፍተው ቆመው ነበር። ካይተን ወደ ኮቴትሱ እንደ ቀረበች የባዕዱን ሰንደቅ ዓላማ አውርዳ የራሷን ሰቀለች።

እዚህ ላይ የመርከቦቹ አሠራር ወሳኝ ሆነ። ካይተን ቀድሞ የፕሩሲያ የነበረች፣ በግራና በቀኟ በተተከሉ ታላላቅ የውሃ መንኮራኩሮች የምትሄድ መርከብ ናት። መንኮራኩሮቹ ወደ ውጭ ስለሚወጡ ጎኗን ከሌላ መርከብ ጎን ጋር ማስጠጋት አይቻልም፤ ይህን ሥራ ባለ ፕሮፔለሮቹ ባንሪዩና ታካኦ እንዲሠሩት የታሰበውም በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ካይተን ግንባሯን ብቻ በኮቴትሱ ጎን ላይ አሳረፈች። የኮቴትሱ ወለል ደግሞ ከካይተን ግንባር ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ ይል ነበር። በማዕበል ጊዜ ጉድለት የነበረው ዝቅተኛነት አሁን መከላከያ ሆነ። በሂጂካታ ቶሺዞ የሚመሩት ወታደሮች በሰፊው ጎን ተሰልፈው በመግባት ፈንታ ከጠባብ ግንባር ላይ አንድ በአንድ ወደ ታች መዝለል ግድ ሆነባቸው፤ የዘለሉትም ጥቂቶች ከታች በሚጠብቋቸው ጠመንጃዎችና ጎራዴዎች አለቁ። ከኮቴትሱ ላይ ይተኮስ የነበረውን ፈጣን መሣሪያ ብዙ ጽሑፎች የጋትሊንግ መትረየስ ይሉታል። የካይተን አዛዥ ኮጋ ጌንጎ ደጋግሞ ቆስሎ በትእዛዝ መስጫው ላይ ወደቀ፤ የጦር መርከቦቹ የበላይ አዛዥ አራይ ኢኩኖሱኬ መሪውን ይዞ መርከቢቱን ወደ ኋላ አወጣት። ይህ ሁሉ የፈጀው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ካይተን ወደ ሃኮዳቴ አመለጠች። ሞተሯ የደከመው ታካኦ ግን ተከታትለው ስለ ደረሱባት ሰዎቿ ወደ ዳር አውጥተው አቃጠሏት፤ በውስጧ የነበረው የፈረንሳይ መኮንን ኮላሽና ባልደረቦቹም እጃቸውን ሰጡ። በዚያን ቀን ጧት «ካሱጋ» በተባለች የመንግሥት መርከብ ላይ ቶጎ ሄይሃቺሮ የሚባል ወጣት መኮንን ነበረ፤ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ በሱሺማ የሩሲያን መርከቦች ያጠፋው አድሚራል ነው።

በሚያኮ ኮቴትሱ የተዋጋችው ቆማ ነው ማለት ይቻላል። በሃኮዳቴ ግን ቀንዷ ባይሆንም መድፏ ሥራ ሠራ። የመንግሥቱ ሠራዊት በደሴቲቱ ምዕራብ ጠረፍ ወርዶ በየብስ ሲገፋ መርከቦቹ በባሕር በኩል ገቡ። የኤኖሞቶ መርከቦች አንድ በአንድ ተመናመኑ፤ ካይተን ሞተሯ ከተመታ በኋላ በዳር ላይ ተቀምጣ እንደ ምሽግ ትተኩስ ነበር። በጁን 20 ቀን በተደረገው የመጨረሻ ጥቃት ባንሪዩ የተኮሰችው ጥይት «ቾዮ» የተባለችውን የመንግሥት መርከብ የባሩድ ግምጃ ቤት አግኝቶ መርከቢቱን ከነሰዎቿ አሰጠማት። ይህ የኤኖሞቶ ባሕር ኀይል የመጨረሻ ድል ነበር። ሂጂካታ በዚያው ቀን በየብስ ውጊያ ሞተ።

ጎርዮካኩ የተባለው ባለ አምስት ማዕዘን ኮከብ ቅርጽ ምሽግ በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ዓመታት ሲሠራ የመርከብ መድፍ እንዳይደርስበት ታስቦ ከባሕሩ ራቅ ብሎ ተተክሎ ነበር። የኮቴትሱ ባለ 300 ፓውንድ መድፍ ግን ከወደቡ ላይ ሆኖ እዚያ ደረሰ። የአንድ ምሽግ ቦታ ሲመረጥ ትክክል የነበረ ስሌት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በባዕድ አገር በተሠራ አንድ መድፍ ከንቱ ሆነ። ጎርዮካኩ በጁን 27 ቀን እጁን ሰጠ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ልዩ ነገር ተደርጓል። ኤኖሞቶ ሊሞት በተዘጋጀበት ሰዓት በሆላንድ ሳለ ያጠናውን፣ በፈረንሳዊው ኦርቶላን የተደረሰውን የባሕር ሕግ መጽሐፍ በእሳት እንዳይጠፋ ብሎ ለጠላቱ ጦር አዛዥ ለኩሮዳ ኪዮታካ ላከ፤ ለአገር ይጠቅማል በማለት። ኩሮዳም በምላሹ የሩዝ ጠጅ ላከለት፤ ከድሉም በኋላ የኤኖሞቶ ሕይወት እንዲተርፍ አጥብቆ ተከራከረለት። መርከብ በባሕር ሕግ ምክንያት ያጣ ሰው በሕጉ መጽሐፍ ነፍሱን አተረፈ ማለት ያስደፍራል።

ከዚህ በኋላ ያለው የመርከቢቱ አገልግሎት ጸጥተኛ ነው። በ1871 ዓ.ም. «አዙማ» ተብላ በአዲሱ የንጉሠ ነገሥት ባሕር ኀይል ውስጥ የጥበቃ ሥራ ትሠራ ጀመር። በ1874 ዓ.ም. በኪዩሹ ደሴት በሳጋ የተነሣውን ዐመፅ ለመግታት ተላከች፤ በዚያው ዓመት ጃፓን ወደ ታይዋን ጦር ስታዘምት ተሰልፋ ሳለ በኦገስት ወር በካጎሺማ ዐውሎ ነፋስ መትቷት ከዳር ላይ ወጣች። ከአሸዋው ተስባ፣ በዮኮሱካ ተጠግና ወደ ሥራ ተመለሰች። ከአሥር ዓመት በፊት በፈረንሳይ ጠረፍ ያስቸገራት ያው የግንባር ክብደትና ያው ዝቅተኛ ወለል ነበር፤ የጃፓን ባሕር ደግሞ ከቢስካይ አይለዝብም። በ1877 ዓ.ም. በሳትሱማ ዐመፅ ጊዜም በጥበቃ ላይ ቆየች። ለፕሩሲያ የተሸጠችው እኅቷ ይህን ያህል እንኳ አልቆየችም፤ «ፕሪንስ አዳልበርት» ተብላ ብታገለግልም እንጨቷ በስብሶ በ1878 ዓ.ም. ፈርሳለች። ሁለቱን በማስተያየት ሲታይ ጃፓኖች አዙማን መጠበቃቸው የሚያስመሰግን ነው።

በዚያው በ1878 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በኤድዋርድ ሪድ ዕቅድ የተሠሩት «ፉሶ»፣ «ኮንጎ» እና «ሂዬይ» ጃፓን ደረሱ። እነዚህ ለራሷ ለጃፓን ተብለው የታዘዙ፣ ለረጅም የባሕር ጉዞም የተዘጋጁ ስለ ነበሩ አዙማ ወደ ኋላ መቅረቷ ግድ ሆነ።

ኤኖሞቶ በ1872 ዓ.ም. ከእስር ተፈታ። በ1874 ዓ.ም. ምክትል አድሚራልነት ተሰጥቶት በመልእክተኛነት ወደ ሩሲያ ሄደ፤ በተከታዩም ዓመት በሴንት ፒተርስበርግ ስለ ሳካሊንና ስለ ኩሪል ደሴቶች የተደረገውን ውል ፈረመ። በ1880 ዓ.ም. የባሕር ኀይል ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። በዚያን ጊዜ በሥሩ ከነበሩት መርከቦች መካከል ሾገኑ ገንዘብ የከፈለባት፣ እርሱ ሳይረከባት የቀረው፣ በሚያኮም ሰዎቹን ልኮ ሊይዛት ያልቻለው አዙማ ትገኝ ነበር።

ስሟ ከእርሷ በኋላ ለሌላ መርከብ ተሰጠ። ሁለተኛይቱ አዙማ በ1899 ዓ.ም. በሰን ናዜር ውሃ ላይ የወረደች፣ እንደ መጀመሪያይቱ በፈረንሳይ አገር የተሠራች ብረት ለበስ ክሩዘር ስትሆን፣ ይህችኛይቱን ግን ጃፓን ራሷ አዝዛ፣ ዋጋዋን ከፍላ፣ ያለ ክርክር ተረክባታለች። በሜይ 1905 ዓ.ም. በሱሺማ ከቶጎ መርከቦች ጋር ተሰልፋ ነበር።